ሰማያዊ ጭስ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ አንድ አዛውንት መካኒክ «ቀብድ ከፍለሻል?» ብለው ጠየቁኝ። «አልከፈልኩም» አልኳቸው። ከፍዬ ነበር። 50 ሺህ ብር፣ ከሦስት ቀን በፊት፣ ሁለት ምስክሮች ባሉበት ፈርሜ። ወረቀቱ በዚያች ሰዓት ከተቀመጥኩበት ወንበር ሥር፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

አንዲት ቃል ናት። የጎዳችው ሰው ቢኖር እኔን ነው፤ የሚጠይቀኝም የለም። ነገር ግን ገንዘቡ ከሄደ፣ መኪናውም የሌላ ሰው ከሆነ በኋላ እንኳን፣ መድኃኒት ስቆጥር ወይም ማታ በር ስዘጋ ድንገት ትመጣብኛለች። እኔው ለምኜ ያመጣኋቸውን ሰው ለምን ዋሸሁ?

## ሁሉም የሚመክረው መኪና

መኪና ፈለግሁ ስል ከቤት ሥራ የሚያደርሰኝን ማለቴ አልነበረም፤ ለዚያማ ባጃጅ አለ። ማርሹን በገዛ እጄ የምቀያይረው፣ መታጠፊያ ላይ መሬት ቆንጥጦ የሚይዝ፣ ዝቅ ያለ መኪና ነበር ያማረኝ። አምሮቱ ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም። እኛ ቤት መኪና የነበረው ሰው የለም። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁ ሰሞን ግን የአሠልጣኜን አሮጌ ዲኤክስ ይዤ ከአዘዞ ወደ ጎንደር ከተማ ስወጣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ የሞተሩ ድምፅ የተቀየረበትን ቅጽበት እስካሁን አስታውሳለሁ።

ለሰባት ዓመት የቆጠብኩት ገንዘብ ነበረኝ። ብዙ ይመስል ነበር፣ ዋጋ መጠየቅ እስክጀምር። እዚህ አገር መኪና ሲያረጅ ዋጋው አብሮት አያረጅም። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ቀረጡን አከበደው፤ ጥር 2016 ላይ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ጭራሽ እንዳይገባ ተባለ። ከዚያ ወዲህ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ ሁሉ እንደ ቅርስ መታየት ጀመረ። ባለቤቶቹም እንደ ቅርስ ጠባቂ ኮራ ብለው ነው ዋጋ የሚጠሩት።

እናም ምክር ጠየቅሁ። እናቴ «ቪትዝ ግዢ፤ የሴት መኪና ነው፤ ቤንዚንም አይበላ» አለች። ወንድሜ፣ እኔ ፋርማሲ ስውል እርሱ ሰው እያመላለሰ የሚሠራበት ዲዛየር እንድገዛ መከረኝ። የሥራ ባልደረባዬ የቤንዚን ሰልፉን እያሳየች «ኤሌክትሪክ ግዢ» አለችኝ። ነገሩን ለንስሐ አባቴ ሳነሳባቸው ደግሞ ትንሽ አሰቡና «ልጄ፣ አራት በር ይሻልሻል፤ ነገ ልጆች ይመጣሉ» አሉኝ። ስለ መኪና ጠይቄ መልሱ ሁሉ ስለ እኔ ነበር፦ ብቻዬን ስለመኖሬ፣ ስለ ዕድሜዬ፣ ሴት ስለመሆኔ። «የሴት መኪና» የሚለውን ቃል በዚያ ወር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም እንጂ፣ በሰማሁት ቁጥር ቪትዝን ይበልጥ ጠላኋት። ምስኪኗ መኪና ምንም አላደረገችኝም።

ሴሊካ የምትባለዋን ቶዮታ ያየሁት በዚያ እልህ ውስጥ ሆኜ ነው። አዘዞ፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ግማሽ አካሏ በሸራ ተሸፍኖ ቆማለች። ቀይ፣ ሁለት በር፣ እ.ኤ.አ. የ2001 ሥሪት። ባለቤቱ ሌላ አገር ነው፤ የሚሸጠው ደላላ ነው። ደላላው ሸራውን ሲገፍ አቧራ ተነሣ፤ እኔም ሳላስበው በነጠላዬ ጫፍ የመሪውን አቧራ መጥረግ ጀመርኩ። «190 ፈረስ ጉልበት አላት» አለኝ። አመንኩት። «ነገ ጠዋት ከባሕር ዳር የሚመጣ ሰው አለ» አለኝ። እርሱንም አመንኩት፤ ያ የባሕር ዳር ሰው ከመንገድ ከወጣ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ማን ያውቃል።

ማታ ስለ መኪናዋ ሳነብ ሴሊካ የሚለው ስም ከላቲን የመጣ፣ «ሰማያዊ» ማለት እንደሆነ አወቅሁ፤ የሰማይ፣ ከሰማይ የሆነች። ደስ አለኝ። ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ተረት በዚያ ሰዓት ትዝ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። በማግስቱ ቀብዱን ከፈልኩ።

ከከፈልኩ በኋላ ነው እንግዲህ መካኒክ ፍለጋ የወጣሁት።

## ከጎሃ ቁልቁል

አዛውንቱ መካኒክ፣ ጋሼ የምላቸው፣ ጋራዣቸው በአዘዞ መንገድ ዳር ነው። በቆርቆሮ የተከለለ፣ መሬቱ በአሮጌ ዘይት የጠቆረ ግቢ። ሙያውን ወጣት ሳሉ አስመራ ነው የተማሩት፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ ሲሉ ቃላቱን እንደ ጣሊያን ረገጥ አድርገው ነው። ይህች ከተማ ጣሊያንን አስወጥታ ፒያሳን እንዳስቀረችው ሁሉ፣ ጋራዦቿም መካኒኩን ሸኝተው ቋንቋውን አስቀርተዋል።

መጀመሪያ ኮፈኑን ይከፍታሉ ብዬ ነበር። አልከፈቱም። ከኪሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለች ማግኔት አወጡና መኪናዋን ከፊት ወደ ኋላ እየዳሰሱ ዞሯት። ከኋለኛው የግራ ጎማ በላይ ሲደርሱ ማግኔቷ ወደቀች። እንደገና አስጠጉ፤ ወደቀች። «እዚህ ጋ ቆርቆሮ የለም፤ ስቱኮ ነው። ባትላሜራው ግን ጎበዝ ነው፤ እጁ ይባረክ» አሉ። ቀጥለው ጣታቸውን ማርሚታው፣ የጭስ ማውጫው፣ ውስጥ ከተቱና አውጥተው አሳዩኝ። ጥላሸቱ ደረቅ አልነበረም፤ እንደ ቅባት ያብለጨልጭ ነበር። እንደ እኔ መድኃኒት ቤት ለሚውል ሰው ከዚህ በላይ ምርመራ አያስፈልግም ነበር። እኔ ግን ዝም አልኩ።

ደላላው «ጋሼ፣ 190 ፈረስ እኮ ናት» አለ። እርሳቸው ወደ እኔ ዞረው የማርሹን እጀታ አሳዩኝ። «ስንት ተጽፎበታል?» አሉኝ። አምስት። «190 የሚሏት ስድስት ማርሽ ናት። ይቺ 140 ናት። 140 ብለው የጻፉትም ባሕር ጠረፍ ላይ ሆነው ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ከአምስት ፈረስ አንዱን ታች አስረሽ ነው እዚህ የምትወጪው።» ይህንን ሲናገሩ ማናናቅ አልነበረበትም። ሐኪም የደም ግፊት ቁጥር እንደሚያነበው ነው ያነበቡልኝ።

«በይ ንጂ፤ ጎሃ እንውጣ» አሉኝ፤ ከከተማው በላይ ያለውን ኮረብታ ማለታቸው ነው።

እርሳቸው ከጎኔ፣ ደላላው ከኋላ። የሴሊካ የኋላ ወንበር ለሰው የተሠራ አይመስልም፤ ደላላው ጉልበቱን ከአገጩ አጋጥሞ ተቀመጠ። በፒያሳ አቋርጠን ወደ ጎሃ ስንወጣ መኪናዋ ታለከልካለች፤ ግን መታጠፊያው ላይ፣ እመኑኝ፣ መሬት ቆንጥጣ ነው የምትሄደው። ያ የምመኘው ነገር እጄ ላይ ነበር። ጫፉ ላይ ስንደርስ አቆምኩ። ከተማው ከታች ተዘርግቷል፤ የፋሲል ግቢ ማማዎች ከዛፎቹ መካከል ብቅ ብቅ ብለዋል። ጋሼ ግን ከተማውን አላዩም።

«አሁን ሁለተኛ ማርሽ አስገቢና እግርሽን ከቤንዚኑ ላይ አንሺ። እስከ ታች ድረስ እንዳትነኪው። ማርሹ ይያዛት።»

ወረድን። ሞተሩ እያቃሰተ፣ መኪናዋን ራሱ እየያዘ። ለምን እንዲህ እንደምናደርግ በመንገድ ላይ አስረዱኝ። ቤንዚን ተዘግቶበት ጎማው የሚያስሮጠው ሞተር በውስጡ የመሳብ ኃይል ይፈጥራል፤ የፒስተኑ ፋሻ፣ ዙሪያውን የሚይዘው የብረት ቀለበት፣ ካረጀ በዚያ ክፍተት ዘይት ይስባል፤ የሳበውን ዘይት ደግሞ ቤንዚን እንደገና ሲሰጡት አቃጥሎ ያወጣዋል። ፋሻ ሲሉ መጀመሪያ የእኔን ፋሻ፣ የቁስሉን፣ ነበር ያሰብኩት። የዚህ ሞተር ዓይነት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ገደማ ፒስተኑ ከመሻሻሉ በፊት የወጣው፣ ዘይት በመጠጣት የታወቀ መሆኑንም ነገሩኝ። ታዲያ ያን ሁሉ ሌሊት ሳነብ ይህንንም አንብቤው ነበር። አንብቤ ወደ ሚቀጥለው ገጽ አለፍኩ።

ታች ደረስን። «አሁን ርገጪ» አሉኝ። ረገጥኩ።

«መስታወት እዪ።»

በመስታወቱ ውስጥ መንገዱ የለም። ወፍራም ጭስ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚነሣ፣ በጥቅምት ፀሐይ ውስጥ ሰማያዊ። «ጥቁር ቢሆን ቤንዚን ነው፤ ነጭ ሆኖ ካልቆመ ውኃ ነው፤ ሰማያዊ ዘይት ነው» አሉ። ስሟ ምን ማለት እንደሆነ ልነግራቸው ፈልጌ አፌ ላይ ቀረ።

ከዚያ ነው የጠየቁኝ። ድምፃቸውን ሳይቀይሩ፣ ወደ ፊት እያዩ፦ «ቀብድ ከፍለሻል?»

«አልከፈልኩም።»

ቃሏ ከአፌ እንደወጣች ዓይኔ ወደ መስታወቱ ሄደ። ደላላው እያየኝ ነበር። ቀብዱን የተቀበለኝ እርሱ ነው፤ ምስክሮቹን ያመጣም እርሱ ነው። ምንም አላለም። ፈገግ አለ ብቻ፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ባልንጀራውን ሲያገኝ የሚያሳያት ዓይነት ፈገግታ።

እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ ጭሱ አይደለም፣ ገንዘቡም አይደለም፤ ያች ፈገግታ ናት። መኪናው ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበርን፤ አንዱ ሊያታልለኝ፣ አንዱ ሊያድነኝ የመጣ። እኔም መርጬ ከሚያታልለኝ ጋር ወገንኩ፤ ተባብረን ሽማግሌውን ዋሸን። ማንም አላስገደደኝም።

ጋሼ «ካልከፈልሽማ ነገሩ ቀላል ነው» አሉና ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ጋራዣቸው በር ላይ ወረዱ።

## ሞኝና ወረቀት

ሁለት ሌሊት ሳስብ አደርኩ። ፋርማሲ ውስጥ በየቀኑ የማየው ነገር ነው። ሰው ይመጣና «ለጉሮሮ ምን ጥሩ ነው?» ይለኛል። ጨው ባለበት የሞቀ ውኃ ተጉመጥመጥ፣ ካልተሻለህ ሐኪም ይይህ እለዋለሁ። ፊቱ ይጠቁራል። ከዚያ ቀስ ብሎ «አሞክሳሲሊን አይሻልም?» ይላል። ሲገባ ጀምሮ የሚፈልገውን ያውቅ ነበር፤ ምናልባትም ከሌላ ቤት ሁለት ፍሬ ገዝቶ ውጦ ነው የመጣው። የውኃና የጨው ምክሬን የሚሰማው እስክጨርስ ድረስ ለመታገሥ ነው። በእነዚህ ሰዎች ስንት ጊዜ ተናድጃለሁ። ስንቴስ ከባልደረባዬ ጋር አምቻቸዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወረቀቱን ይዤ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ከአንድ ሎንችን ሥር ተኝተው ነበር፤ እግራቸው ብቻ ይታያል። ለእግራቸው መናገር ቀለለኝ።

«ጋሼ፣ ያን ዕለት ዋሽቼዎታለሁ። ከፍዬ ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ ከሥር።

«እንዴት ዐወቁ?»

ወጡ። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ቆሙ። «ያልከፈለ ሰው መኪና ሲያይ ጎማ ይረግጣል፤ በር በኃይል ይዘጋል። አንቺ አቧራ ትጠርጊላት ነበር።» ዝም አልኩ። «እኔ የምልሽ፣ ያን ቀን የመጣሽው ምክር ፈልገሽ ነው ወይስ ምርቃት? ምርቃት ከሆነ ቀድመሽ ብትነግሪኝ እዚሁ መርቄሽ ትሄጂ ነበር፤ ቤንዚኑም ባልተቃጠለ።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ቀብዱን ከከፈልኩ በኋላ ለምን መጣሁ?» ብዬ ራሴን ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ የሚያኮራ አይደለም። እናቴ፣ ወንድሜ፣ የንስሐ አባቴ፣ ሁሉም እንቢ ብለውኝ ነበር። አንድ መኪና የሚያውቅ ትልቅ ሰው «ጥሩ ገዛሽ» ቢለኝ ቤት ሄጄ ያን ቃል በፊታቸው እዘረጋው ነበር። ጋሼን የፈለግኋቸው ለሞተሩ ሳይሆን ለሙግቱ ነው።

አንዲት የሕግ ባለሙያ ጓደኛዬን አማከርኳት፤ በዚህ ጊዜ እውነቱን ከመጀመሪያው ተናግሬ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቀብድ ጉዳይ አያሻማም፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ከውሉ ቢወጣ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ቢወጣ እጥፉን ይመልሳል። ደላላው እንደማይወጣ የታወቀ ነው። ጋሼ ደግሞ በሌላው በኩል ያለውን አሰሉልኝ፦ ሞተር ማውረድ፣ የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን፣ መክፈት፣ ጎንደር ውስጥ የማይገኝ ፋሻና ፒስተን ከሩቅ ማስመጣት፣ እስከዚያው ድረስ በየሳምንቱ ዘይት መጨመር። «አትግዢ» ግን አላሉኝም። ሁለቱን አሳይተውኝ ወደ ሎንችናቸው ተመለሱ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱ ባይለቅም እኔ ለመልቀቅ አራት ቀን ፈጀብኝ። 50 ሺህ ብር ለእኔ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ የወራት ደመወዜ ነው። ደላላውን ስነግረው አልተከራከረኝም። ሴሊካዋን በወሩ ፒያሳ ላይ አየኋት። የሚነዳት አንድ ወጣት ነበር፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ክንዱን አውጥቶ። ደስ ብሎታል። ከኋላው የነበረው ባጃጅ ጭሱን በእጁ እያራገበ ይሳደባል። ቀናሁ ብል ታምኑኛላችሁ?

## የሳህኗ ጽሑፍ

አሁን የምነዳው ቪትዝ ነው።

ሳቁ። እናቴ ስቃ ሳይሆን እልል ብላ ነው የተቀበለችው፤ ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ምክሬን ሰማች» እያለች ታወራለች። የንስሐ አባቴ በሮቹን ቆጠሩ፤ አራት፤ ባረኩት። ወንድሜ ብቻ አሁንም ዲዛየር ይሻል ነበር ይላል። ለማናቸውም ያልነገርኳቸው ነገር አለ።

ጋሼ መጋቢት ላይ ደውለው «ነይ፣ የምታይው መኪና አለ» ሲሉኝ ሮጬ ነው የሄድኩት። ቪትዝ መሆኗን ሳይ ፊቴን አልደበቅሁም። እርሳቸው ኮፈኑን ከፈቱ፣ ጨርቅ በቤንዚን ነክረው ከሞተሩ በስተኋላ ያለች አንዲት ትንሽ የብረት ሳህን ጠረጉ። ጽሑፉ ከእድፉ ውስጥ ቀስ እያለ ወጣ፦ ኤንሲፒ 13። «ከተማው የሚነዳው ኤስሲፒ 10 ነው፤ አንድ ሊትር። ይቺ አንድ ነጥብ አምስት ናት፤ አርኤስ የሚሏት። አምስት ማርሽ በእጅ። ‹ስፖርት› የሚል ጽሑፍ ሱቅ ይሸጣል፤ ማንም ይለጥፈዋል። ይቺን ሳህን ግን እዪ» አሉኝ። ወደ 110 የሚጠጋ ፈረስ ጉልበት፣ ከአንድ ቶን ባነሰ ክብደት ላይ። ሴሊካዋ ቢያንስ አንድ መቶ ኪሎ ትበልጣት ነበር። ለአንድ ኪሎ የሚደርሰው ጉልበት ሲሰላ ሁለቱ የተራራቁ አይደሉም፤ ልዩነቱ ይቺኛዋ ፍሬኗም ፍሪሲዮኗም አራዳ ከሚገኝ መለዋወጫ ሱቅ በዚያው ቀን ይገኛል።

እንከን አልነበራትም ማለት አይደለም። ከጃፓን የቀኝ መሪ ሆና ወጥታ መሪዋ ወደ ግራ የዞረ ናት፤ ዳሽቦርዱ ከበሩ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ጣት የምታስገባ ክፍተት አለ፣ ኮብልስቶን ላይ ስሄድ ይንኳኳል። ጋሼ የመሪውን ዘንግ ፈትተው፣ የተበየደበትን ቦታ በባትሪ መብራት እያዩ ግማሽ ቀን ፈጁበት። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር መመሳሰሉን፣ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኗን እኔው ሄጄ አጣራሁ። ቁልቁለቱንም ወረድናት፤ በሁለተኛ ማርሽ፣ ቤንዚን ሳልነካ። መስታወቱ ውስጥ መንገዱና አንዲት አህያ ብቻ ነበሩ።

ግን ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት፣ ያን ዕለት ጠዋት ኮፈኑ ገና ሳይከፈት፣ ጋሼ ከመኪናዋ ፊት ቆመው ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉና እንዲህ አሉኝ።

«ቀብድ ከፍለሻል?»

«ኧረ ጋሼ! ገና አሁን ማየቴ ነው እኮ።»

ምንም አላሉም። ቦርሳዬን አዩት። እኔም ከፍቼ አሳየኋቸው።